ለሳሎን ሳራውንድ አምፕሊፋየር መግዛት ዛሬም ያዋጣል ወይስ ዘመኑ አልፏል?

ጮቄ_ደመና፣ ደብረ ማርቆስ

ሰላም ለሁላችሁ። ቤቴን ከሞላ ጎደል ጨርሼ ገብቻለሁ፤ የቀረኝ የሳሎኑ ድምፅ ነው። ሳሎኑ 4 በ5 ሜትር ነው። ግድግዳው ብሎኬት፣ ወለሉ ሴራሚክ፣ ኮርኒሱ ቺፕውድ። ባለ 55 ኢንች ቴሌቪዥን ግድግዳው ላይ ሰቅያለሁ፤ ምስሉ እንከን አይወጣለትም። ድምፁ ግን ለምስሉ አይመጥንም። ፊልም ስንከፍት ሰው ሲናገር አይሰማም፤ «ምን አለ?» መባባል ሆኗል ሥራችን። ከፍ ሳደርገው ደግሞ ተኩሱና ሙዚቃው ልጆቹን ከእንቅልፋቸው ይቀሰቅሳል።

ሦስት ነገር ቀርቦልኛል። አንዱ እዚሁ ከተማ ሱቅ ውስጥ ያየሁት ሆም ቴአትር ነው፤ አምስት ትንንሽ ስፒከርና አንድ ባስ አለው፣ ካርቶኑ ላይ በትልቁ «1000 ዋት» ይላል። ሁለተኛው ሳውንድ ባር ነው፤ ከቴሌቪዥኑ ሥር የሚቀመጥ አንድ ረጅም የስፒከር ሣጥን። ሦስተኛው የአጎቴ ልጅ ከአሜሪካ ሲመለስ ይዞት የመጣው ያገለገለ ባለ 7 ቻናል ሳራውንድ አምፕሊፋየር ነው፤ በዙሪያህ ለሚቀመጡ ሰባት ስፒከሮች ለየብቻ ድምፅ የሚልክ ማጉያ ማለት ነው። ስፒከር የለውም፤ ከኋላው 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ተጽፎበታል። በጀቴ ከ60 ሺህ ብር አይዘልም። የምታውቁ ምከሩኝ።

ባለብየዳ፣ ባሕር ዳር

ወንድሜ፣ እንኳን ለቤትህ አበቃህ። ከሁሉ አስቀድሞ ያንን 120 ቮልት የሚል ዕቃ ሶኬት ላይ እንዳትሰካው። የእኛ መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ፊውዙ ቀድሞ ከተቃጠለ ተርፈሃል፤ ካልሆነ ትራንስፎርመሩ ወይም ኮንደንሰሮቹ ናቸው የሚሄዱት። በጥገና ቤቴ መደርደሪያ ላይ እንዲህ የሞቱ ዕቃዎች ተደርድረዋል፤ አብዛኞቹ አንድ ቀን እንኳ አላገለገሉም። ወደዚህ ጉዳይ እመለስበታለሁ።

አሁን ስለ ንግግሩ። ስስ ቴሌቪዥን ስፒከሩ የዞረው ወደ ታች ወይም ወደ ኋላ ነው፤ ድምፁ ግድግዳ መትቶ ነው አንተ ጋ የሚደርሰው። በዚያ ላይ የውጭ ፊልሞች በአብዛኛው የሚዘጋጁት በ5.1 ነው፤ አምስት ስፒከርና አንድ ባስ ማለት ነው። የተዋናዩ ንግግር በአመዛኙ የሚወጣው ከመሐለኛው ቻናል ነው። ቴሌቪዥኑ ስድስቱንም ጠቅልሎ በሁለት ትንንሽ ስፒከሮች ሲያወጣቸው ንግግሩ ከሙዚቃውና ከተኩሱ ሥር ይቀበራል። ሰው ሳራውንድ ሲባል ከኋላው ሄሊኮፕተር ሲበር መስማት ብቻ ይመስለዋል። ለእኔ ትልቁ ጥቅሙ የመሐለኛውን ቻናል ድምፅ ለብቻው መቆጣጠር መቻልህ ነው። ከሌሎቹ 2 ወይም 3 ዴሲቤል (የድምፅ ከፍታ መለኪያ ነው) ከፍ ታደርገዋለህ፤ በዝቅተኛ ድምፅ እንኳ እያንዳንዱ ቃል ይሰማል። ልጆቹም ይተኛሉ።

«1000 ዋት» የሚለውን እርሳው። ይህ የማሳበጥ ነገር አዲስ አይደለም፤ የአሜሪካ መንግሥት የንግድ ኮሚሽን ገና እ.ኤ.አ. በ1974 ለቤት አምፕሊፋየር የዋት አለካክ ደንብ ያወጣው ሻጮች ቁጥር ስላበዙ ነው፤ በ2024ም ደንቡን ለባለ ብዙ ቻናል ዕቃዎች አጥብቆታል። የታወቀ ፋብሪካም ቢሆን ቁጥሩ እንደ አለካኩ ይለያያል። የያማሃን አርኤክስ-ቪ385 የተባለ ሳራውንድ አምፕሊፋየር ውሰድ። ሁለት ቻናል አብሮ እየሠራ በሙሉው የድምፅ ክልል፣ ከ20 ኸርዝ እስከ 20 ኪሎኸርዝ፣ 70 ዋት ነው። አንድ ቻናል ብቻ በ1 ኪሎኸርዝ ሲለካ 100 ይሆናል። ድምፁ 10 በመቶ እስኪበላሽ ከተገፋ 135 ይደርሳል። ዕቃው አንድ ነው፤ ቁጥሩ ሦስት። ስለዚህ «ስንት ዋት ነው?» ብለህ አታቁም። በስንት ቻናል፣ በስንት ኦም (ስፒከሩ ለጅረቱ ያለው ተቃውሞ)፣ በምን ያህል የድምፅ መዛባት ብለህ ጠይቅ። ሻጩ መመለስ ካልቻለ ካርቶኑን መልሰህ አስቀምጥ።

ደግሞም ብዙ ዋት አያስፈልግህም። ደህና ስፒከር በ1 ዋት፣ በ1 ሜትር ርቀት 87 ዴሲቤል ገደማ ይሰጣል፤ ይህ በሳሎን ውስጥ ጮክ ያለ ድምፅ ነው። ዋቱን እጥፍ ስታደርገው የምታገኘው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ለጆሮ ድምፁ እጥፍ ሆነ እንዲባል አሥር እጥፍ ዋት ያስፈልጋል። በ4 በ5 ሳሎን ውስጥ እውነተኛ 70 ዋት ከበቂ በላይ ነው።

የቢቸና_ልጅ፣ ቢቸና

እኔ ሳውንድ ባር እላለሁ። አንድ ገመድ፣ አንድ ሪሞት፣ አለቀ። አምስት ስፒከር በየማዕዘኑ አስቀምጦ ገመድ በምንጣፍ ሥር መቅበር ለቤተሰብ አይመችም፤ ልጆች ይጎትቱታል፣ ወለል ሲጠረግ ይነቀላል። በዚያ ላይ እኛ ጋ ማታ ማታ መብራቱ ይወርድና አምፑሉ ይደበዝዛል። ትልልቅ ዕቃ ለዚህ ዓይነት መብራት አይሆንም።

መምህር_ፍኖተ፣ ፍኖተ ሰላም

ልጄ፣ ገንዘብህን ከማውጣትህ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ በአብዛኛው የምትሰማው ምንድን ነው? ከዲሽ የምናያቸው የአማርኛ ጣቢያዎች፣ በዩቲዩብ የሚለቀቁት ድራማዎች፣ የመዝሙሩም የዘፈኑም ቅጂ በአብዛኛው ባለ ሁለት ቻናል ስቴሪዮ ናቸው። የሌለ ነገር በአምስት ስፒከር አይወጣም። አምፕሊፋየሩ ሁለቱን ቻናል ወደ አምስት የሚያሰፋበት ዘዴ እንዳለው አውቃለሁ፤ ለፊልም ይሁን፣ ለማሲንቆና ለበገና ግን አይስማማኝም። ድምፃዊው ከፊት ለፊቴ ተቀምጦ ሳለ ከኋላዬ ሲያስተጋባ እረበሻለሁ።

ስለዚህ እኔ የምልህ ሁለት ጥሩ ስፒከርና አንድ ደህና የስቴሪዮ አምፕሊፋየር ነው። ስፒከር ለመምረጥ ሱቅ ስትገባም ሻጩ የሚከፍትልህን በባስ የሚያንቀጠቅጥ ዘፈን አትስማ። ስልክህ ላይ በገና ይዘህ ሂድ። የበገና ድምፅ ከአውታሩ ብቻ አይመጣም፤ ከአውታሩ ሥር የምትገባው እንዝራ፣ ያቺ የቆዳ ቁራጭ፣ የምትሰጠው ንዝረት አለ። መጥፎ ስፒከር ጎርናናውን ይሰጥህና ንዝረቱን ያፍነዋል፤ በገናው ከባድ ክራር ይመስላል። ቀጥለህ የማኅሌት ቅጂ አስከፍት። ጽናጽሉ ጆሮህን ከቧጠጠህ ትዊተሩ፣ ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ትንሹ ስፒከር፣ ርካሽ ነው። ከበሮው ሲመታ ድምፁ ተጀምሮ ማለቁን ስማ፤ ከምቱ በኋላ የሚጎተት ጉምጉምታ ካለ ሳጥኑ ነው የሚጮኸው እንጂ ከበሮው አይደለም። እነዚህን ሁለቱን አስተካክሎ የሚሰጥ ስፒከር ሌላውን ሁሉ ይሰጥሃል።

ጮቄ_ደመና፣ ደብረ ማርቆስ

መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቀን ቀን ቤት ውስጥ የሚከፈተው መዝሙር ነው። ማታ ግን እኔና ባለቤቴ የውጭ ፊልም እናያለን፤ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ወንድሞቼ ለኳስ ይመጣሉ። ሁለቱንም የሚችል ነገር ነው የምፈልገው። ባለብየዳ ያለው የመሐለኛ ቻናል ነገር በትክክል የእኔን ችግር የነካ መሰለኝ።

ሞጣ_ባሕር_ማዶ፣ ትውልዴ ሞጣ

ስለ ገበያው ልጨምር፤ እዚህ ባሕር ማዶ ያገለገለ ዕቃ ስገዛና ስሸጥ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ሳራውንድ አምፕሊፋየር በዓለም ገበያ እየጠበበ ያለ ዕቃ ነው፤ ይህን ማወቅህ ዋጋ ስትደራደር ይጠቅምሃል። ዴኖንና ማራንትዝ የተባሉት ታላላቅ የአምፕሊፋየር ስሞች እ.ኤ.አ. በ2002 አንድ ሆኑ። በ2017 ሳውንድ ዩናይትድ የተባለ የድምፅ ዕቃ ኩባንያ ወሰዳቸው። በ2022 የሕክምና መሣሪያ አምራቹ ማሲሞ ሳውንድ ዩናይትድን 1 ቢሊዮን ዶላር አውጥቶ ገዛ፤ ከሦስት ዓመት በኋላ በ2025 ለሃርማን የሸጠው በ350 ሚሊዮን ነው። ሃርማን የሳምሰንግ ነው። ይህ ማለት ትልቁ የሳውንድ ባር ሻጭና ታላላቆቹ የአምፕሊፋየር ስሞች ዛሬ በአንድ ጣሪያ ሥር ናቸው። ፓዮኒር የቤት ድምፅ ሥራውን በ2015 ለኦንክዮ አስረከበ፤ የኦንክዮ የቤት ድምፅ ኩባንያ ራሱ በ2022 ጃፓን ውስጥ ኪሳራ ዐወጀ። ስሞቹ ግን አልጠፉም፤ የአሜሪካው ቮክስ ከሻርፕ ጋር ተሻርኮ ይዟቸዋል። በራሱ ስም ጸንቶ የቆየው ያማሃ ነው፤ ከ1887 ጀምሮ የሙዚቃ መሣሪያ ሲሠራ የኖረ ቤት ነው።

ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም። ሰዉ ወደ ስልክና ወደ ሳውንድ ባር ሄደ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2020 ጃፓን ኖቤኦካ የሚገኘው የኤኬኤም የቺፕ ፋብሪካ ተቃጠለ፤ ዲጂታሉን ወደ ድምፅ የሚለውጡት ቺፖች ብዙዎቹ የሚወጡት ከዚያ ስለነበር አዳዲስ ሞዴሎች ለወራት ከመደርደሪያ ጠፉ። በዚያው ዓመት የወጡት ባለ ኤችዲኤምአይ 2.1 (አዲሱ የምስልና የድምፅ ገመድ ደረጃ) የዴኖን፣ የማራንትዝና የያማሃ ሞዴሎች ኤክስቦክስ ከተባለው የጌም መጫወቻ አዲስ ሞዴል ጋር ሲገናኙ ምስሉ ይጠቁር ነበር፤ የመቀበያ ቺፑ ጉድለት ነበረበት።

ለአንተ ይህ መልካም ዜና ነው። እዚህ ሰዎች የአሥር ዓመት ዕድሜ ያለው ደህና አምፕሊፋየር በርካሽ የሚያወጡት ድምፁ ስለደከመ አይደለም፤ 4ኬ ምስል ስለማያሳልፍ ነው። አንተ ደግሞ ምስሉን በእሱ ውስጥ ማሳለፍ አያስፈልግህም። ዲኮደሩንም ፍላሹንም ቴሌቪዥኑ ላይ ሰካ፤ ከቴሌቪዥኑ ወደ አምፕሊፋየሩ ድምፁን ብቻ በኦፕቲካል ገመድ ወይም «ኤአርሲ» በሚል የኤችዲኤምአይ ቀዳዳ ላክ። ኦፕቲካል የዶልቢ ዲጂታልን 5.1 ያለ ችግር ይሸከማል። ኤአርሲ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2009 ከኤችዲኤምአይ 1.4 ጋር ስለሆነ ከ2010 ወዲህ የተሠሩት በአብዛኛው አላቸው። ከኦፕቲካል በላይ የሆነውን፣ ያልተጨመቀውን ድምፅ፣ የሚፈልገው ብሉሬይ ዲስክ የሚያጫውት ሰው ነው።

ጮቄ_ደመና፣ ደብረ ማርቆስ

ይህን አላወቅሁም ነበር። ሻጩ «አሮጌ ከሆነ ከአዲስ ቴሌቪዥን ጋር አይሠራም» ብሎኝ ነበር።

የዳንግላ_ቡና፣ ዳንግላ

ወንድሞቼ፣ ከርዕሱ ብዙም አልወጣሁም ብዬ ነው። ዳንግላ ውስጥ ኳስ የምናሳይበት ትንሽ ቡና ቤት አለኝ። የቤት ሳራውንድ አምፕሊፋየር ገዝቼ ከፊት ቻናሎቹ ላይ አራት ስፒከር አሰርን። ከዕረፍት በኋላ፣ ልክ ጨዋታው ሲሞቅ፣ ራሱን ያጠፋል። ሰዉ ይጮሃል፤ እናበራዋለን፤ ትንሽ ቆይቶ ይደግመዋል። ተበላሽቶ ነው ወይስ ምንድን ነው?

ባለብየዳ፣ ባሕር ዳር

እህቴ፣ አልተበላሸም፤ ራሱን እያዳነ ነው። እንደገመትሁት በአንድ ቻናል ሁለት ስፒከር ጎን ለጎን ታስሯል። ሁለት ባለ 4 ኦም ስፒከር ጎን ለጎን ሲታሰሩ 2 ኦም ይሆናሉ፤ የቤት አምፕሊፋየር ደግሞ የሚሠራው ለ6 እና ለ8 ኦም ነው። ጅረቱ ይበዛበታል፣ ይግላል፣ የመከላከያ ሪሌው፣ በራሱ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ፣ ይቆርጠዋል። ለጊዜው ሁለቱን ስፒከሮች በተከታታይ እሰሯቸው፦ የአንዱ ጥቁር ከሌላው ቀይ፤ 8 ኦም ይሆናል። ድምፁ ይቀንሳል፤ ጨዋታው ግን አይቋረጥም። ከላዩ ላይ ዲኮደርም ሆነ ጨርቅ እንዳይቀመጥበት፤ ሙቀቱ የሚወጣው ወደ ላይ ነው። ለአዳራሽ ግን የሚሻለው የአዳራሽ አምፕሊፋየርና የአዳራሽ ስፒከር ነው። ኳስ የሚያይ ሰው ድምፁ ከፊቱ እንዲመጣለት ነው የሚፈልገው፤ ሳራውንዱ አንድ ወንበር ላይ ለተቀመጠ ሰው የተቀመረ ነው።

አሁን ለጮቄ። ያገለገለ አምፕሊፋየር ስትገዛ እንዲህ አድርግ። ሳይሰካ አንሣው፤ ወደ አንድ ጎን ያጋድላል፣ እዚያ ትራንስፎርመሩ አለ። ቀስ ብለህ አዘንብለው፤ ውስጡ የሚንከባለል ብሎን ካለ ሰው ከፍቶታል። በቀዳዳዎቹ አሽትተው፤ የተቃጠለ ቫርኒሽ ሽታ አይደበቅም። ከዚያ ያለ ስፒከር አብራው። ጸጥ ብለህ ጠብቅ። ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ከውስጡ «ቀጭ» የሚል ድምፅ መስማት አለብህ፤ ያ ሪሌው ነው፤ ውስጡ ደህና መሆኑን ካረጋገጠ በኋላ ብቻ ነው ስፒከሩን የሚያገናኘው። ካልቀጨ ወይም ቀጭቶ ወዲያው ከጠፋ ተወው። መልቲሜትር ካለህ በዲሲ አድርገህ የእያንዳንዱን ቻናል ስፒከር መውጫ ለካ፤ ዜሮ አካባቢ፣ ቢበዛ ከ50 ሚሊቮልት በታች መሆን አለበት። ከዚያ አንዲት ትንሽ ስፒከር ይዘህ ሰባቱንም ቻናል በየተራ አስጩኽ። ሻጩ ቢቸኩልም አንተ አትቸኩል። በመጨረሻም የድምፁን ማዞሪያ ቀስ ብለህ አዙረው፤ ኮሽታው አቧራ ነው፣ እሱ ቀላል ነው።

እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2012 በተሠሩት በርካታ የኦንክዮ ሞዴሎች ላይ ግን ጥንቃቄ አድርግ። ዲጂታል ቦርዳቸው ላይ ያለው ቺፕ እየሞተ ድምፅ ያጠፋ ነበር፤ ኩባንያው ራሱ ችግሩን አምኖ ነጻ ጥገናውን እስከ 2018 መጨረሻ አራዝሞላቸው ነበር። ያ ጊዜ አልፏል።

ደጀን_መንገደኛ፣ ደጀን

የዋጋውን ነገር ልንገርህ፤ ዕቃ ከመርካቶ ወደ ጎጃም የማመላልስ ሰው ነኝ። ያ አርኤክስ-ቪ385 አሜሪካ ውስጥ ሲወጣ 300 ዶላር ገደማ ነበር። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በፊት በባንክ 57 ብር ገደማ ስለነበር ወደ 17 ሺህ ብር ይመታ ነበር። ዛሬ ያው 300 ዶላር ብቻውን ከ30 ሺህ ብር በእጅጉ ይበልጣል። በላዩ ላይ ጉምሩክ አለ፣ 10 በመቶ ሱር ታክስ አለ፣ 15 በመቶ ቫት አለ፤ አንዱ በሌላው ላይ እየተሰላ ይሄዳል። ለዚህ ነው የሱቅ መደርደሪያ ላይ አዲስ ሳራውንድ አምፕሊፋየር የማታየው። ነጋዴው አንዱን አስመጥቶ ዓመት ከሚያስቀምጥ በዚያው ገንዘብ ብዙ ሳውንድ ባር አምጥቶ በሳምንት ይሸጣል። እኔም እሱን ብሆን ያንኑ ነበር የማደርገው።

ስለዚህ የምታገኘው ያገለገለ ነው፤ ያገለገለም ከሆነ ከዱባይና ከአውሮፓ የመጣውን ፈልግ፤ ከኋላው 220–240 ቮልት ወይም 230 ቮልት የሚል ነው። አዲስ አበባ ገዝተህ በአውቶቡስ የምታስልክ ከሆነ ከላይ ሻንጣ ጋር አታስጭነው፤ የአባይ በረሃ ጥምዝምዝ ከባዱን ትራንስፎርመር እያወዛወዘ ቦርዱን ይሰነጥቀዋል። በጠፍጣፋው፣ በእግሮቹ ላይ፣ ከዳርና ዳር ስፖንጅ ተደርጎለት ከሰው አጠገብ ይምጣ።

የቢቸና_ልጅ፣ ቢቸና

እሺ፤ ግን አንዳንዶቹ ሳውንድ ባሮች ላይ «ዶልቢ አትሞስ» የሚል አለ። ከላይም ድምፅ ያወርዳል ይላሉ። ያ አምስት ስፒከር ከማስቀመጥ አይሻልም?

ሞጣ_ባሕር_ማዶ፣ ትውልዴ ሞጣ

አትሞስ ሲኒማ ቤት የገባው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው፤ ቤት የገባው በ2014። ሳውንድ ባሩ ከላይ ስፒከር የለውም። ወደ ጣሪያ የዞሩ ትንንሽ ስፒከሮች አሉት፤ ድምፁ ጣሪያውን መትቶ ወደ አንተ እንዲመለስ ነው የታሰበው። ይህ የሚሠራው ጣሪያው ጠፍጣፋና ጠንካራ ሲሆን፣ ቁመቱም ከ2.5 እስከ 3.5 ሜትር ገደማ ሲሆን ነው። በእኛ አገር ስንቱ ቤት ነው እንዲህ ያለው? የጨርቅ ወይም የማዳበሪያ ከረጢት ኮርኒስ ድምፁን ይውጠዋል፤ ኮርኒስ የሌለው ዘቅዛቃ ቆርቆሮ ደግሞ ወደማይፈለግበት ይወረውረዋል። የጮቄ ቺፕውድ በጥብቅ የተመታ ከሆነ ሊሠራለት ይችላል፤ ከላላ ግን ባስ በመጣ ቁጥር ራሱ ኮርኒሱ ይንጣጣል።

ሳውንድ ባርን እየናቅሁ አይደለም። ለጠባብ ክፍል፣ ለኪራይ ቤት፣ ለሚዛወር ሰው ጥሩ ነው። ነገር ግን ሁሉ ነገር አንድ ሣጥን ውስጥ ነው። አንዱ ክፍል ከሞተ ሁሉም ሞተ።

ባለብየዳ፣ ባሕር ዳር

ይህን የመጨረሻውን ነጥብ ከጥገና ወንበር ላይ ሆኜ አጸናዋለሁ። እኔ አምፕሊፋየርን የምደግፈው በዋናነት በዚህ ነው። ሳውንድ ባር ሲመጣልኝ ቦርዱ አንድ ነው፤ ክፍሎቹ በማሽን የተለጠፉ፣ የሰሊጥ ፍሬ የሚያክሉ ናቸው፤ መለዋወጫም ሥዕላዊ ንድፍም አይገኝም። ሆም ቴአትሩም ያው ነው፤ በዚያ ላይ ስፒከሮቹ ብዙ ጊዜ 3 ወይም 4 ኦም ስለሆኑ ማሽኑ ሲሞት ሌላ አምፕሊፋየር ላይ ማሰር አይቻልም፤ ስድስቱም አብረው ወደ ዕቃ ቤት ይገባሉ። ትልቁ አምፕሊፋየር ውስጥ ግን ትራንስፎርመሩ ለብቻው፣ የኃይል ትራንዚስተሮቹ በብሎን ታስረው፣ ሪሌው ለብቻው ነው። የተቃጠለውን ነቅዬ ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ የሚገኝ ምትክ እበይዳለሁ። ስፒከሮችህ ደግሞ ከአምፕሊፋየሩ ዕድሜ በላይ ይኖራሉ። ዓለም ገበያ ላይ ዕቃው ቦታ እያጣ ቢሆንም፣ እንደ እኛ ዶላር በተወደደበትና ዕቃ ተጠግኖ በሚኖርበት አገር ቦታው ገና አልተነካም።

የቢቸናው ወንድሜ ስለ መብራት ያነሣው ግን ትክክል ነው። ማታ ለሚወርደው ቮልት ስታቢላይዘር ይበጃል። የበለጠ የሚጎዳው ግን ጠፍቶ ሲመጣ ያለው ምት ነው፤ መብራት ሲጠፋ ሶኬቱን ንቀል፣ ከመጣ በኋላ ትንሽ አቆይተህ ሰካ። በክረምት ደግሞ ከመብራቱ ይልቅ የምፈራው የዲሹን ገመድ ነው። መብረቅ አካባቢው ላይ ሲወርድ በዲሹ ገመድ ወደ ዲኮደሩ፣ ከዲኮደሩ በኤችዲኤምአይ ወደ ቴሌቪዥኑና ወደ አምፕሊፋየሩ ይዘልቃል። ከሰኔ እስከ መስከረም ወደ እኔ የሚመጡት የተቃጠሉ ቦርዶች በአመዛኙ በዚህ የተመቱ ናቸው፤ ባለቤቶቹ «ሶኬቱን ነቅለን ነበር» ይሉኛል፣ እውነታቸውን ነው፣ የዲሹን ገመድ ግን አልነቀሉም። ኦፕቲካል ገመድ የምወድበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ የሚሸከመው ብርሃን ስለሆነ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም።

መምህር_ፍኖተ፣ ፍኖተ ሰላም

ስለ ክረምት ከተነሣ፣ ሐምሌና ነሐሴ በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ዝናብ ሲወርድ የትኛውም ስፒከር አይረዳም። ከኮርኒሱ በላይ ክፍተት ካለ አሁን በበጋው እዚያ ላይ ጭድም ሆነ ስፖንጅ መደርደር ይቻል ይሆን? ጭዱን ለእሳት እፈራዋለሁ።

ባለብየዳ፣ ባሕር ዳር

መምህር፣ ጭዱን ይተዉት፤ የመብራት መስመር በዚያ ላይ ያልፋል፤ አይጥም ይስባል። የፋብሪካ የመስታወት ሱፍ ከተገኘ እሱ አይቀጣጠልም፣ የዝናቡንም ድምፅ በደንብ ያለዝባል። ስለ ስቴሪዮ ያሉት ደግሞ ልክ ነው፤ የሳራውንዱ አምፕሊፋየርም ይህን ይችላል። ሪሞቱ ላይ «ስቴሪዮ» ወይም «ዳይሬክት» የሚል አለ። መዝሙር ሲሆን እሱን ይጫናል፤ ሁለቱ የፊት ስፒከሮች ብቻ ይሠራሉ፣ ምንም ማስፋት የለም።

ጮቄ_ደመና፣ ደብረ ማርቆስ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የአጎቴን ልጅ ዕቃ ዛሬ በደንብ አየሁት፤ ቮልት መቀየሪያ የለውም፣ 120 ቮልት ብቻ ነው፤ ፍጆታው 430 ዋት ይላል። 220 ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ገዝቼ ልጠቀምበት ወይስ ልተወው? ሌላው፣ ጎረቤቴ አናጢ ነው፤ የስፒከር ሳጥን ከዋንዛ እሠራልሃለሁ ይላል።

ባለብየዳ፣ ባሕር ዳር

ማውረጃ ትራንስፎርመር ከገዛህ አቅሙ 1000 ቪኤ (ቮልት-አምፔር) ይሁን፤ ከዚያ ያነሰው ይግላል። ግን ትራንስፎርመሩ ቮልቱን እንጂ ኸርዙን አይለውጥም። ለ60 ኸርዝ ብቻ የተሠራ አምፕሊፋየር በ50 ኸርዝ ሲሠራ የውስጥ ትራንስፎርመሩ ከተለመደው በላይ ይሞቃል። ብዙዎቹ ይችሉታል፤ ዕድሜያቸው ግን ያጥራል። በዚያ ላይ አንድ ቀን እንግዳ ወይም ልጅ ሶኬቱን ቀጥታ ግድግዳው ላይ ይሰካዋል። በእኔ በኩል ለአጎትህ ልጅ መልስለትና 230 ቮልት የሚለውን ፈልግ። ባለ 5 ቻናል ይበቃሃል፤ ሰባቱን የምታስቀምጥበት ቦታ የለህም።

ከበጀትህ ከግማሽ በላዩን ለስፒከር ያዝ። ሁሉንም በአንድ ቀን አትግዛ፤ መጀመሪያ ሁለቱን የፊትና መሐለኛውን ብቻ ግዛ፣ ከተቻለ ከአንድ ፋብሪካ፣ 6 ወይም 8 ኦም። የኋላዎቹንና ባሱን ስታገኝ ትጨምራለህ፤ አምፕሊፋየሩ «የሉም» ብለህ ስትነግረው ድርሻቸውን ለፊቶቹ ያከፋፍላል። ሳጥኑን በተመለከተ ዋንዛ ለበርና ለአልጋ ግሩም እንጨት ነው፤ ለስፒከር ግን ከበጋ ወደ ክረምት ይንቀሳቀሳል፣ መጋጠሚያው ይከፈታል። አናጢው 18 ሚሊሜትር ኤምዲኤፍ (የተጨመቀ የእንጨት ሰሌዳ) ይጠቀም፤ ስፋቱም ከስፒከሩ ጋር የተሰላ መሆን አለበት፣ በግምት አይሠራም። ይልቅስ ለስፒከሮቹ መቆሚያ ከዋንዛ ይሥራልህ፤ ትዊተሩ ከተቀመጠ ሰው ጆሮ ጋር እኩል እንዲሆን።

ጮቄ_ደመና፣ ደብረ ማርቆስ

መልካም፤ እመልስለታለሁ። አቀማመጡስ? ገመዱስ ምን ዓይነት ይሁን?

ባለብየዳ፣ ባሕር ዳር

ከምትቀመጥበት ሶፋ ሆነህ ፊት ለፊት ስታይ፣ ግራና ቀኝ ስፒከሮቹ ከመሐል በየፊናቸው 30 ዲግሪ ያህል ይራቁ፤ ሁለቱና አንተ እኩል ጎን ያለው ሦስት ማዕዘን ትሠራላችሁ። መሐለኛው በቀጥታ ከቴሌቪዥኑ ሥር፣ ወደ ጆሮህ ትንሽ ቀና ብሎ። የኋላዎቹ ሲመጡ ከጀርባህ ሳይሆን ከጎንህ ትንሽ ወደ ኋላ፣ 110 ዲግሪ አካባቢ፣ ከጆሮ ከፍ ብለው። ባሱን ስትገዛ መለያያውን፣ ጎርናናው ድምፅ ከሌሎቹ ስፒከሮች ወደ ባሱ የሚያልፍበትን ወሰን፣ 80 ኸርዝ ላይ አድርገው። አምፕሊፋየሩ ከነማይክሮፎኑ ከመጣ፣ በያማሃ ዋይፓኦ፣ በዴኖን ኦዲሲ የሚባለውን መለኪያ ሰዉ ሁሉ ከክፍሉ ወጥቶ ጸጥ ሲል አሠራው። ከዚያ በፊት ግን በሶፋውና በቴሌቪዥኑ መካከል ወፍራም ምንጣፍ አንጥፍ፤ መስኮቱ ላይ ከባድ መጋረጃ። ሴራሚክና ብሎኬት ያለበት ባዶ ሳሎን ንግግርን እያስተጋባ ያደበዝዛል፤ ያንን ማሽን አያስተካክለውም።

ለገመድ ውድ ነገር አትፈልግ። ከኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ ባለ 2.5 ሚሊሜትር ካሬ፣ ባለ ብዙ ጭራ ለስላሳ የመዳብ ገመድ ግዛ፤ ለአንተ ሳሎን ርቀት ይበቃል። ጫፉን ስትልጥ አንዲት ጭራ እንኳ ወጥታ ጎረቤቷን እንዳትነካ ጠምዝዛት። ቀዩ ከቀይ፣ ጥቁሩ ከጥቁር፤ የአንዱ ስፒከር ገመድ ከተገለበጠ ባሱ ይጠፋል፣ ድምፃዊውም የት እንደቆመ አይታወቅም። ሁሉንም አስረህ ስትጨርስ ብቻ ነው መብራት የምትሰጠው።